የአልማዝ ናሙና ምርመራ አገልግሎት፦ የጎጃም ባለሀብት በገንዘቡ ምን ያገኛል?

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ ወይም በፍኖተ ሰላም ገንዘብ አጠራቅሞ ወደ ማዕድን ለመግባት ለሚያስብ ሰው አልማዝን በተመለከተ የሚመጣለት ሐሳብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የውጭ አገር ፍለጋ ኩባንያ መግለጫ ነው፦ «ከ200 ኪሎ ናሙና 180 አልማዝ ወጣ፤ አክሲዮኑ ሳይወደድ ይግዙ።» ሁለተኛው ከወንዝ ዳር የተለቀመ ብልጭልጭ ድንጋይ የያዘ ሰው ነው፦ «ላቦራቶሪ እንላከው፤ ወጪውን እርስዎ ይቻሉ፤ ትርፉን እንካፈላለን።» ሁለቱም ወደ አንድ አገልግሎት ያመራሉ። እሱም ድንጋይን በኮስቲክ ሶዳ አቅልጦ በውስጡ ያለውን አልማዝ የሚለይ ምርመራ ነው። ላቦራቶሪዎቹ ኮስቲክ ፊውዥን ይሉታል። እዚህ የምንገመግመው ይህንን ምርመራና የሚያወጣውን የውጤት ሰንጠረዥ ነው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። «በዚህ ድንጋይ ውስጥ አልማዝ አለ ወይ? ካለስ ትንሹና ትልቁ በምን ያህል መጠን ተከፋፍሏል?» ለሚለው ጥያቄ ምርመራው እጅግ አስተማማኝ መልስ ይሰጣል፤ ገንዘብ ቢከፈልበት አያስቆጭም። «ይህ ቦታ ማዕድን ማውጫ ይሆናል ወይ?» ለሚለው ግን ብቻውን መልስ የለውም። የጎጃምን ጥቁር ድንጋይ ጭኖ ወደዚህ ምርመራ መላክ ደግሞ ገንዘብን በከንቱ ማፍሰስ ነው። ምክንያቱን ወደ ታች እናብራራለን።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ናሙናው አብዛኛውን ጊዜ በ8 ኪሎ ይከፋፈላል፤ 200 ኪሎ ድንጋይ 25 ድስት ይሆናል ማለት ነው። እያንዳንዱ 8 ኪሎ 75 ኪሎ ያህል ኮስቲክ ሶዳ ባለበት የብረት ድስት ውስጥ ገብቶ በ550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለ40 ሰዓት ያህል ይቆያል። ድንጋዩ ይሟሟል፤ አልማዝ ግን ኮስቲክ ሶዳ አይነካውም። ፈሳሹ 0.106 ወይም 0.075 ሚሊሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ላይ ይፈስሳል። በወንፊቱ ላይ የቀረው በአሲድ ይታጠብና የሠለጠነ ሰው በማይክሮስኮፕ እያየ አልማዙን ይለቅማል። በካናዳ ሳስካቱን ከተማ የሚገኘው የሳስካችዋን ሪሰርች ካውንስል ላቦራቶሪ ለዚህ ሥራ አይኤስኦ 17025 የተባለው ዓለም አቀፍ የላቦራቶሪ ብቃት እውቅና ካላቸው አንዱ ነው። ይህንን እውቅና ወይም አቻውን የማያሳይ ላቦራቶሪ ውጤት ለድርድር አይቅረብ።

ይህ ዘዴ ከሌሎች የሚበልጥበት ትልቁ ነገር ድንጋዩን በክሬሸር አለመፍጨቱ ነው። ክሬሸር ትልልቁን አልማዝ ይሰብረዋል፤ የተሰበረ አልማዝ ቁጥሩ ይበዛል፣ ዋጋው ግን ይወድቃል። ሌላው ጥንካሬው ራሱን የሚፈትሽበት መንገድ ነው። ጥሩ ላቦራቶሪ ናሙናው ድስት ውስጥ ሲገባ ደማቅ ቢጫ ሰው ሠራሽ አልማዞች ቆጥሮ ይጨምርበታል፤ ሲለቀም ስንቶቹ እንደተመለሱ ይመዘግባል። ሪፖርቱ ላይ ይህንን ቁጥር ይፈልጉ። 20 ገብቶ 20 ከወጣ ለቀማው ጤናማ ነው። 20 ገብቶ 13 ከወጣ ከራስዎ ድንጋይም ያልተለቀመ እንዳለ ይቁጠሩት፤ ላቦራቶሪው ቅሪቱን በድጋሚ እንዲያይ ይጠይቁ።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ እንግባ፤ ባለሀብቱ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ሰንጠረዡ የተገኙትን አልማዞች በወንፊት ቀዳዳ ይደረድራቸዋል፦ 0.106፣ 0.150፣ 0.212፣ 0.300፣ 0.425፣ 0.600፣ 0.850፣ 1.18፣ 1.70 ሚሊሜትር እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ከአንዱ ወንፊት ወደሚቀጥለው ሲታለፍ የአንዱ ድንጋይ ክብደት ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህል ያድጋል። የአልማዝ እፍጋት 3.52 ስለሆነ 1 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ድንጋይ፣ ማለትም የጤፍ ቅንጣት የሚያህለው፣ 0.009 ካራት ገደማ ይመዝናል። ካራት 0.2 ግራም ነው። ይኸው 1 ሚሊሜትር ድንጋይ 0.106 ሚሊሜትር ከሆነው ድንጋይ 840 እጥፍ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ «180 አልማዝ» የሚለው ቁጥር ከመጠናቸው ተነጥሎ ሲነገር ምንም ዋጋ የለውም።

ሁለት ናሙናዎችን ለማስረዳት ያህል ጎን ለጎን እናስቀምጥ፤ ሁለቱም 200 ኪሎ ናቸው። ናሙና ሀ 180 ድንጋይ አወጣ፦ በ0.106 ወንፊት ላይ 121፣ በ0.150 ላይ 43፣ በ0.212 ላይ 13፣ በ0.300 ላይ 3፤ ከዚያ በላይ ባዶ። ናሙና ለ ያወጣው 60 ብቻ ነው፦ 24፣ 14፣ 9፣ 6፣ ከዚያ በ0.425 ላይ 3፣ በ0.600 ላይ 2፣ በ0.850 ላይ 1፣ በ1.18 ላይ 1። መግለጫ ጸሐፊው ሀን ነው የሚያስጮኸው። ነገር ግን ድንጋዮቹን በተቀመጡበት ወንፊት ቀዳዳ ልክ ክብ አድርገን ስናሰላ፣ በ1.18 ወንፊት ላይ የቀረው የናሙና ለ አንድ ድንጋይ ብቻውን የናሙና ሀ 180 ድንጋዮች ተደምረው ከሚመዝኑት ከሦስት እጥፍ በላይ ይመዝናል። ከዚህ በላይ የሚናገረው ግን የአወራረዱ ፍጥነት ነው። በናሙና ሀ ወንፊቱ በሰፋ ቁጥር የድንጋዩ ብዛት ወደ ሲሶ ገደማ፣ ኋላም ከዚያ በታች እያነሰ ይሄዳል፤ ለንግድ የሚሆነው መጠን ጋ ሳይደርስ ያልቃል። በናሙና ለ የሚወርደው ቀስ እያለ ነው፤ ይህ ከትንሽ ናሙና ባሻገር ትልልቅ ድንጋይ ሊኖር እንደሚችል የሚጠቁም ምልክት ነው። ባለሙያዎች ይህንን በሎጋሪዝም ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ያሰፍሩታል፤ መስመሩ ተዳፋት ሆኖ በቀስታ ከወረደ ደስ ይላቸዋል፣ እንደ ገደል ቁልቁል ከተወረወረ ፋይሉን ይዘጋሉ።

ናሙና ለንም ቢሆን ማጋነን አይገባም። ከላይ ያሉት ሁለት ድንጋዮች ዕድል ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛና ሦስተኛ 200 ኪሎ ከሌላ ጉድጓድ፣ ከሌላ ጥልቀት ወጥቶ ተመሳሳይ አወራረድ ካሳየ ነው ነገሩ የሚጠነክረው። አንድ የኪምበርላይት ቧንቧ፣ ማለትም አልማዝን ከጥልቅ ይዞ የሚወጣው የእሳተ ገሞራ ዓለት የሞላው ጉድጓድ፣ በአንድ ፍንዳታ ብቻ ስለማይሞላ በውስጡ የተለያዩ ድንጋዮች አሉት፤ አንዱ ክፍል አልማዝ ሲሞላበት ጎረቤቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ሪፖርቱ ናሙናውን «ከቧንቧው» ብሎ ብቻ ካለፈና ከየትኛው ክፍል፣ ከስንት ሜትር እስከ ስንት ሜትር እንደሆነ ካልጻፈ አማካዩ የማንንም እውነት አይናገርም።

ከሰንጠረዡ ቀጥሎ ዓይን የሚያርፍበት ዝቅተኛው የወንፊት ወሰን ነው። በ0.075 የተለቀመ ናሙና በ0.106 ከተለቀመው እጅግ የበዛ ድንጋይ ያሳያል፤ ልዩነቱ የወንፊቱ እንጂ የድንጋዩ አይደለም። ሁለት ፕሮጀክቶችን ሲያወዳድሩ ከሰፊው ወሰን በታች ያሉትን ሁሉ ሰርዘው ይቁጠሩ። ጆርክ የተባለው የአውስትራሊያ የማዕድን ሪፖርት ደንብ በአልማዝ ሪፖርት ላይ ቁጥሩ፣ ጠቅላላ ክብደቱ በካራት፣ የናሙናው ዓይነትና መጠን፣ እንዲሁም ዝቅተኛው የወንፊት ወሰን እንዲገለጹ ያስገድዳል፤ ክብደቱ ሊቀር የሚችለው ድንጋዮቹ ለንግድ የማይበቁ ጥቃቅን ሲሆኑ ብቻ ነው። እንግዲህ መግለጫው ቁጥር ጠቅሶ ካራት ካልጠቀሰ ኩባንያው ራሱ ድንጋዮቹ ጥቃቅን መሆናቸውን እየነገረዎት ነው፤ ይህንን በደስታ ቃላት ቢሸፍነውም። በ2012ቱ ጆርክ ውስጥ አልማዝን የሚመለከተው የሰንጠረዥ 1 ክፍል 5 ነው፤ «ይህንን ክፍል የሞላችሁበትን ገጽ አሳዩኝ» ብሎ መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም። በካናዳ ገበያ ለተመዘገቡት ደግሞ ኤንአይ 43-101 የተባለው ደንብ አለ፤ ቴክኒካዊ ሪፖርቶቹ ሴዳር ፕላስ በተባለው የመንግሥት መዝገብ ላይ በነፃ ይገኛሉ። ደላላው የሚልከውን ሁለት ገጽ ትተው ሙሉውን ከዚያ ያውርዱ።

ናሙና ሊበከል ይችላል፤ በአልማዝ ደግሞ አበካከሉ ለየት ይላል። የቁፋሮ ማሽኑ ጥርስ ራሱ ሰው ሠራሽ አልማዝ የተቀበረበት ነው! ጥርሱ ሲያልቅ ቅንጣቶቹ ኮሩ ላይ፣ ማለትም ተቆፍሮ በሚወጣው የድንጋይ ዘንግ ላይ፣ ይለጠፋሉ። ጥሩ ላቦራቶሪ እነዚህን በቅርጻቸው፣ በቢጫ አረንጓዴ ቀለማቸውና በውስጣቸው ባለው የብረት ቅንጣት ለይቶ «ሰው ሠራሽ» ብሎ ለብቻ ይመዘግባል። ሪፖርቱ ይህ መስመር ከሌለው ይጠይቁ። ሆን ተብሎ የሚደረግ ማጭበርበር ግን ከዚህ የከፋ ነው። በ1997 የተጋለጠው የካናዳው ብሪ ኤክስ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ ቡሳንግ ናሙናው ላይ ወርቅ እየነሰነሰ ዓለምን አታልሏል፤ የካናዳው ደንብ የጠበቀው ከዚያ ወዲህ ነው። መከላከያው ቀላል ነው፦ ከረጢቱ ተቆፍሮ በወጣበት ቦታ ላይ ይታሸግ፤ ማኅተሙ ቁጥር ይኑረው፤ ላቦራቶሪው ሲቀበል ቁጥሩን አመሳክሮ ይፈርም፤ ውጤቱም ከላቦራቶሪው በቀጥታ ይምጣ።

ሰንጠረዡ ካማረ በኋላ የሚቀረው መንገድ ረጅም ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚፈሰውም እዚያ ነው። ምሳሌ እንውሰድ። ከ100 ቶን ድንጋይ 25 ካራት ቢወጣ ይዘቱ በመቶ ቶን 25 ካራት፣ ማለትም በቶን 0.25 ካራት ነው። (አንዳንዱ ሪፖርት በቶን፣ ሌላው በመቶ ቶን ይጽፋል፤ ሁለቱን ያምታታ ሰው በመቶ እጥፍ ይሳሳታል።) ከ25ቱ ካራት 5ቱ የአንድ ድንጋይ ክብደት ከሆነ፣ ያንን ድንጋይ አውጥተው ደግመው ያስሉት፤ ይዘቱ ወደ 20 ይወርዳል። ኩባንያው ሁለቱንም ቁጥር ካሳየ ታማኝ ነው። ዋጋውን በካራት ለመገመት ደግሞ 25 ካራት ምንም አይበቃም፤ ገማቾች አብዛኛውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 5,000 ካራት ያለው ጥቅል ይፈልጋሉ። በዚህ ይዘት 2,000 ካራት ለማግኘት 8,000 ቶን ድንጋይ መቆፈርና ማጠብ ያስፈልጋል። «በካራት 300 ዶላር» የሚል ግምት ከ40 ካራት ጥቅል ላይ ተነሥቶ ከተጻፈ ቁጥሩ ምኞት ነው።

ይዘትና ዋጋ ለየብቻ መነበብ የለባቸውም። የአውስትራሊያው አርጋይል በቶን ከአንድ ካራት በላይ የሚሰጥ እጅግ ሀብታም ቦታ ነበር፤ ይሁንና አብዛኛው ድንጋዩ ትንሽና ቡናማ ስለነበር በካራት የሚያገኘው አማካይ ዋጋ ዝቅተኛ ነበር፤ በኅዳር 2020 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ተዘግቷል። በሌሶቶ ያለው ሌትሴንግ ደግሞ ከመቶ ቶን 2 ካራት እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ትልልቅና ንጹሕ ድንጋይ ስለሚሰጥ የካራት አማካይ ዋጋው በዓለም ከከፍተኞቹ አንዱ ነው። ሌትሴንግን በ200 ኪሎ ናሙና ብቻ የፈረደ ሰው ጥሎት ይሄድ ነበር። ጊዜውንም ማሰብ ያስፈልጋል፦ በካናዳ የኤካቲ ግኝት የተነገረው በ1991 ነው፤ ማዕድን ማውጫው የተከፈተው በ1998፤ ያውም ከተሳካላቸው ፈጣኖች አንዱ ሆኖ።

አሁን ወደ ጎጃም እንመለስ። ሰባ ዓመት በቤት የተቀመጠ ድንጋይ ይሁን ትናንት ከእርሻ የወጣ፣ ላቦራቶሪ ከመላኩ በፊት መጠየቅ ያለበት «ከየትኛው ዓለት ነው የመጣው?» የሚለው ነው። የምሥራቅና የምዕራብ ጎጃም ደጋ የተሸፈነው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት፣ ማለትም በጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጮቄ ራሱ በዚያ ላይ የተገነባ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ከባዛልቱ ሥር የኖራ ድንጋይ፣ ጂፕሰምና አሸዋ ድንጋይ ይታያል፤ ከዚያ በታች ያለው የመሠረት ዓለት ደግሞ በአብዛኛው ዕድሜው ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በታች ነው። የጂኦሎጂ ተመራማሪው ክሊፎርድ በ1966 ያስቀመጠውና ኋላ በሌሎች የተጣራው ደንብ እስከ ዛሬ የፍለጋ መመሪያ ነው፦ ለንግድ የሚበቃ አልማዝ ያለው ኪምበርላይት የሚገኘው ከ2.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ ባስቆጠረ ጥንታዊ አህጉራዊ እምብርት ላይ ነው። አርጋይል ከዚህ ደንብ ያፈነገጠ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ልዩ ሁኔታ ይዞ የጎጃምን ባዛልት መቆፈር ሥራ አይሆንም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የእንጅባራ አካባቢ ነው፤ ሐሰተኛው ምልክት እዚያ እውነተኛ ስለሚመስል። በእንጅባራም ሆነ በጉንደወይን ያሉት ወጣት ባዛልቶች ከማንትል፣ ማለትም ከምድር ቅርፊት ሥር ካለው ክፍል፣ የተቀደዱ አረንጓዴ ድንጋዮችን ይዘው ወጥተዋል፤ በውስጣቸው ኦሊቪንና ደማቅ አረንጓዴው ክሮም ዳዮፕሳይድ የተባሉ ማዕድናት አሉ። ክሮም ዳዮፕሳይድ ደግሞ በአልማዝ ፍለጋ ጠቋሚ ማዕድን ተብሎ የሚዘረዘር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የጅረት አሸዋ አጥቦ «ጠቋሚ ማዕድን ተገኘ» ቢል አልዋሸም። የጎደለው ጥልቀቱ ነው። የእነዚህ ድንጋዮች ምልክት ስፒኔል የተባለው ማዕድን ነው፤ ጋርኔት የተባለው ማዕድን የሌለበት እንዲህ ያለ የማንትል ድንጋይ በአብዛኛው ከ80 ኪሎሜትር ባልበለጠ ጥልቀት የተፈጠረ ነው፤ አልማዝ ግን ከ140 እስከ 150 ኪሎሜትርና ከዚያ በታች ይፈልጋል። የዘንገና ሐይቅን ክብ ቅርጽ አይቶ «የኪምበርላይት ቧንቧ ነው» ማለትም እንዲሁ ነው፤ ማንኛውም እሳተ ገሞራ ከውኃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ ክብ ጉድጓድ ይተዋል።

እንግዲህ ከአሸዋው ውስጥ የሚፈለገው ቀይ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ክሮም የበዛበት ፓይሮፕ ጋርኔት ነው። እሱም ቢገኝ የአንድን ቅንጣት ኬሚካዊ ይዘት በሚለካው መሣሪያ፣ በማይክሮፕሮብ፣ ካልሲየሙና ክሮሙ ይለካል። ክሮሙ ከፍ፣ ካልሲየሙ ዝቅ ያለው ጂ10 ይባላል፤ ከአልማዝ ጋር የሚጎዳኘው ይህ ነው። ጂ9 የሚባለው ከማንትል መምጣቱን ብቻ ያሳያል። «ጋርኔት አለን» ለሚል ሰው «ስንቱ ጂ10 ነው? ስንት ቅንጣት ተለካ?» ይበሉት።

ለተለቀመ ብልጭልጭ ድንጋይ ደግሞ ውድ ምርመራ አያስፈልግም። በባዛልት ክፍተቶች ውስጥ የሚያድገው ኳርትዝ ንጹሕና ባለ ሹል ጫፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ አልማዝ የሚባለው እሱ ነው። እስከ 0.01 ግራም የሚለይ የወርቅ ሚዛን፣ ቀጭን ክርና አንድ ብርጭቆ ውኃ ይበቃል። ድንጋዩን በደረቁ ይመዝኑ፤ ከዚያ በክር አንጠልጥለው ውኃ ውስጥ እንዳለ ይመዝኑ፤ የደረቁን ክብደት ለልዩነቱ ያካፍሉ፤ መልሱ እፍጋቱ ነው። 5.30 ግራም የነበረው ውኃ ውስጥ 3.30 ካሳየ መልሱ 2.65 ነው፤ ኳርትዝ። አልማዝ ቢሆን ውኃ ውስጥ 3.79 ገደማ ባሳየ ነበር። መልሱ 3.5 አካባቢ ቢመጣም ወዲያው አይደሰቱ፤ ቶጳዝም እዚያው አካባቢ ነው። የአረፋ ጠብታ ድንጋዩ ላይ ከተጣበቀ ውጤቱ ስለሚዛባ በብሩሽ ያራግፉት። ደላሎች የሚይዙት የሙቀት እስክሪብቶ ኳርትዝን ይለያል፤ አልማዝ መሳዩን ሰው ሠራሽ ድንጋይ ሞይሳናይትን ግን አልማዝ ነው ይላል፤ ብቻውን አይታመን።

ከሚዛኑ ያለፈና ዓለቱም ተስፋ ያለው ነገር ካለ፣ ቀጣዩ ወጪ ድንጋዩን እስከ 0.03 ሚሊሜትር አቅጥኖ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው፤ ባዛልትና ኪምበርላይት እዚያ ይለያያሉ፤ ወጪውም ከኮስቲክ ፊውዥን ጋር ሲወዳደር ኢምንት ነው። ከዚያ ጠቋሚ ማዕድንና ማይክሮፕሮብ፤ በመጨረሻ ብቻ እቶኑ። ኮስቲክ ፊውዥን በናሙናው ክብደት ስለሚከፈልበትና 200 ኪሎ ድንጋይ በአውሮፕላን ማጓጓዝ ራሱ ከባድ ስለሆነ ይህንን ቅደም ተከተል መዝለል ያስከፍላል። ናሙና ከአገር የሚወጣውም በፈቃድ ነው፤ የፍለጋ ፈቃድ የሌለው ሰው «በሻንጣ እንልካለን» ካለ ውጤቱ ቢያምርም በሕግ ፊት የእርስዎ ሊሆን አይችልም።

አገልግሎቱን በርግጥ የሚያዙ ከሆነ ትእዛዙ ላይ እነዚህ ይጻፉ፦ ዝቅተኛው ወንፊት 0.106 እንዲሆን፤ ውጤቱ በጠቅላላ ብቻ ሳይሆን በየድስቱ ተለይቶ እንዲቀርብ፤ ከ0.425 ወንፊት በላይ የቀረ እያንዳንዱ ድንጋይ ርዝመት፣ ወርድ፣ ከፍታ፣ ክብደት፣ ቀለም፣ ንጽሕናና መሰበር አለመሰበሩ እንዲመዘገብ፤ የገቡትና የወጡት የፍተሻ አልማዞች ቁጥር እንዲገለጽ፤ ሰው ሠራሽ ሆነው የተገኙት ለብቻ እንዲቆጠሩ። የተለቀሙት ድንጋዮችና የየድስቱ ቅሪት በእርስዎ ስም ታሽገው እንዲቀመጡም ያስፍሩ፤ ውጤቱን የሚጠራጠር ሁለተኛ ባለሙያ ሲመጣ ደግሞ የሚያየው እሱን ነው።